ሦስተኛው ጓጉንቸር

ሻይ ሻጯ እማማ አማረች አርብ ጠዋት ወደ ግቢው የሄዱት ያደሩባቸውን ብርጭቆዎች ሊሰበስቡ ነበር። ቢያንኳኩ መልስ የለም። በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቀው ቢያዩ ከትልቁ መኪና ጎማ አጠገብ ሁለት እግሮች ተዘርግተዋል፤ አንደኛው እግር ጫማ የለውም። አሮጊቷ ጩኸታቸውን ሲያቀልጡት በአካባቢው የቆመ የከባድ መኪና ሹፌርና ረዳት ሁሉ ተግተልትሎ መጣ።

ኢንስፔክተር በላይነሽ ስትደርስ በሩ እንደተቆለፈ ነበር። ሰንሰለቱ ላይ ሁለት ጓጉንቸሮች ተንጠልጥለዋል፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ጥቁር።

"ቁልፉ ማን ጋር ነው?" አለች።

"አንዱ እሱ ጋር ይሆናል" አሉ እማማ አማረች ወደ ውስጥ እየጠቆሙ። "ሌላው ሀይረዲን ጋር ነው። ሀይረዲን ደግሞ የለም።"

ሳጅን ቀናው ከጋራዥ በተዋሰው የብረት መቁረጫ ሰንሰለቱን ከመሃል በጠሰው።

የነዚህ ጓጉንቸሮች ነገር ካልተነገረ የሬሳው ነገር አይገባም። ሁለት ጎረቤት ክልሎች አሉ፤ ስማቸው ስለማይጠቅመን አንዱን የላይኛው፣ ሌላውን የታችኛው እንበላቸው። በወሰናቸው ላይ ያለው ሕዝብ ከከብት ጋር እየተጋፋ ከአንድ ኩሬ ስለሚጠጣ፣ ክልሎቹ ተስማምተው ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር ትልቅ መኪና በጋራ ገዙ። ባለሙያዎቹ ሪግ ይሉታል። ሪባን ተቆረጠ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ፎቶ ተነሱ፣ በቴሌቪዥንም ታየ። ታርጋ ይለጠፍለት ሲባል ግን ጠብ ተነሳ። ታርጋ ላይ የክልል ስም ይጻፋል፤ የማን ይጻፍ? ስብሰባ ተጠራ፣ አበል ተበላ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ እንመለስበት ተባለ። እስኪመለሱበት ሪጉ ቃሊቲ በኪራይ ግቢ ቆመ። አንዱ ሌላውን ስለማያምን እያንዳንዱ ክልል የየራሱን ዘበኛ ላከ፤ እያንዳንዱ ዘበኛም የየራሱን ጓጉንቸር ይዞ መጣ። ሁለቱም ቁልፎች ካልተገኙ በሩ አይከፈትም ተባለ። እነዚያ ክልሎች ከፈረሟቸው ስምምነቶች ሁሉ ሥራ ላይ የዋለው ይሄ ብቻ ነበር።

ሟቹ ሙሀመድዘይን ይባላል፤ የላይኛው ክልል ዘበኛ ነው። ከኋላው ጭንቅላቱን ተመትቷል። አጠገቡ የጎማ መፍቻ ወድቋል፤ እጀታው ተወልውሏል። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ አለ። ከሪጉ ጥላ ሥር ባለች አግዳሚ ላይ አተላቸው የደረቀ ሁለት የሻይ ብርጭቆዎች ተቀምጠዋል። በላይነሽ በመሐረብ ያዘቻቸውና ለየብቻ በፌስታል ከተተቻቸው።

"እማማ፣ ሻዩን የወሰደው መቼ ነው?"

"ትናንት ከሰዓት፣ ወደ አሥር ሰዓት ግድም። ራሱ መጥቶ ነው የወሰደ። ሁለት ሻይ፣ እንደ ሁልጊዜው። አንዱን ያለ ስኳር አለኝ።"

"ሀይረዲን ነው ያለ ስኳር የሚጠጣው?"

"እኔ ምን አውቄ ልጄ። ስኳሩን ከሰጠሁት እሱ ነው የሚያማስለው። ሁለቱ ከአንድ ሳህን ነው የሚበሉት፤ እንደነሱ የሚዋደድ አላየሁም።"

ቀናው በበላይነሽ ጆሮ አጠገብ ዝቅ ብሎ፣ "አለቀ እኮ ኢንስፔክተር" አላት። "ሁለት ቁልፍ ካልተገኘ በሩ አይከፈትም። አንዱ ሟቹ ኪስ ውስጥ ነው። ሁለት ሻይ፣ ሁለት ዘበኛ። ጠጡ፣ ተጣሉ፣ መታው፣ ወጣ። ጓጉንቸር ሲዘጋ ቁልፍ አይጠይቅ!"

በላይነሽ ቶሎ የሚያልቅ ነገር አትወድም። ጡረታዋ እየቀረበ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ "አለቀ" የተባለ መዝገብ ስንቱን ምስኪን ይዞት እንዳለቀ አይታለች። ቢሆንም ቀናው በተናገረው ላይ ስህተት አልታያትም።

ሀይረዲን እኩለ ቀን ላይ በራሱ እግር መጣ። ሬሳው እንደተነሳ ሲነግሩት መሬት ላይ ተቀምጦ አፈር በራሱ ላይ በተነ። አለቃቀሱ የነፍሰ ገዳይ አይመስልም፤ ግን በላይነሽ ሚስቱን ገድሎ ከዘመድ ይበልጥ ያለቀሰ ሰው ገጥሟታል።

"ትናንት የት ነበርክ?"

"ቱሉ ዲምቱ። ዘመድ ታሞብኝ አድሬ መጣሁ።"

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሄደው ዘመድየዋን ጠየቁ። ጤነኛ ናት፤ ሀይረዲንንም ካየችው ወር አልፏታል። ማምሻውን እጁ በካቴና ገባ።

ሁለቱን የክልል ተወካዮች በላይነሽ ቅዳሜ ለየብቻ አነጋገረቻቸው። የላይኛው ክልል ተወካይ አቶ ወልደሰንበት ሙሉ ልብስ ያደረጉ፣ ቃል የሚመርጡ ሰው ናቸው።

"ግቢው ከሄዱ ምን ያህል ይሆናል?"

"ኧረ ከክረምት በፊት ነው። ምን ልሠራ እሄዳለሁ? ያ ሙዓዊያ የሚባል ሰው ባለበት የሚሠራ ነገር የለም። ከታርጋው ጭቅጭቅ ወዲህ ውሃ እንኳ አብረን ጠጥተን አናውቅም።" ትንሽ ቆዩና፣ "ብቻ የሁለቱ ወንድማማች ሕዝቦች ግንኙነት እንዳይሻክር፣ ጉዳዩ በፍጥነት እልባት ቢያገኝ" አሉ።

የታችኛው ክልል ተወካይ አቶ ሙዓዊያ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ናቸው። እሳቸውም ግቢውን ከረገጡ መቆየታቸውን ተናገሩ፤ የአቶ ወልደሰንበትን ስም መስማት አይፈልጉም።

"የታሰረው የእርስዎ ክልል ሰው ነው" አለች በላይነሽ። "ጠበቃ አታቆሙለትም?"

"ሕግ ነዋ! ካጠፋ ይጠየቅ። ዋናው ነገር የሁለቱ ወንድማማች ሕዝቦች ግንኙነት እንዳይሻክር ጉዳዩ በፍጥነት እልባት ቢያገኝ ነው።"

በላይነሽ ወጥታ መኪና ውስጥ ስትገባ ቅር አላት። አንዲት ታርጋ አልሰጥም ብሎ ሲሟገት የኖረ ሰውዬ፣ ሰውን እንዲህ በቀላሉ ይሰጣል? ንግግሩ ቃል በቃል መመሳሰሉ ግን አልከነከናትም። ሹማምንት ሁሉ የሚናገሩት ከአንድ ሻንጣ እያወጡ ነው።

የሟቹን ሬሳ ማን ያጓጉዝ የሚለው ሲነሳ የላይኛው ክልል ቢሮ "የተገደለው በጋራ ሥራ ላይ ስለሆነ ወጪው የጋራ ነው" አለ፤ የታችኛው "የእናንተ ሰው ነው" አለ። በመጨረሻ የአገሩ ልጆች የሆኑ ሹፌሮች አዋጥተው በአንድ አይሱዙ ላይ ጭነው ወሰዱት። በላይነሽ ይህን ስትሰማ ያዘነችው ከሟቹ ይልቅ ለልጁ ነው። ተቅዋ የምትባል ልጅ አለችው፤ ከጎህ በፊት ተነስታ ጄሪካን ይዛ ኩሬ የምትወርድ።

ሹፌሮቹን ሸኝታ ስትመለስ በግቢው በኩል አለፈች። የተበጠሰው ሰንሰለት በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። በላይነሽ ጓጉንቸሮቹን በእጇ ይዛ አገላበጠቻቸው፣ ደግማ አገላበጠቻቸው። ሁለቱም ጓጉንቸሮች የሰንሰለቱን ሁለት ጫፍ አጣምረው መያዝ ነበረባቸው። አልያዙም። ቢጫው አንዱን ጫፍ ብቻ ይዟል፤ ጥቁሩ ሌላውን ጫፍ። ሁለቱ ጓጉንቸሮች ደግሞ እርስ በርሳቸው ተጠላልፈዋል። ቢጫው ቢከፈት ሰንሰለቱ ይፈታል። ጥቁሩ ብቻ ቢከፈትም ይፈታል።

በሩ በአንድ ቁልፍ፣ በየትኛውም ቁልፍ ይከፈት ነበር። በሩቅ ላየው ግን ሁለት ጓጉንቸር ነው፤ የስምምነቱ ቃል የተከበረ ይመስላል።

ሀይረዲንን ከእስር ክፍሉ አስጠራችና ጓጉንቸሮቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

"ማነው ያያያዛቸው?"

አንገቱን ደፋ። "እኔና እሱ።"

"ለምን?"

"ደመወዝ እየዘገየ አስቸገረን። ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ አንድ የቆመ መኪና ከሚያይ፣ አንዳችን እየጠበቅን አንዳችን የቀን ሥራ ብንወጣ አልን። ሐሙስ የኔ ተራ ነበር፤ ቂሊንጦ ግንባታ ላይ አርማታ ስሸከም ውዬ እዚያው አደርኩ።"

"ይህን አርብ ዕለት ብትነግረኝ እስር ቤት ባላደርክ!"

"ብነግርዎትማ ውሉን አፍርሶ ነው የሞተው ይባላል። በሥራ ላይ የሞተ ተብሎ ለልጁ የምትቆረጠው ጡረታ ትቀራለች። እኔስ ብታሰርም በሕይወት አለሁ።"

ውሸት ከሆነ በላይነሽ እንዲህ የሚያምር ውሸት ሰምታ አታውቅም።

ግንባታው ቦታ ግን ፎርማኑ "የቀን ሠራተኛ መልክ አላውቅም" አለ። አለቃዋ ኮማንደሩ ደግሞ የጓጉንቸሩን ወሬ ሲሰማ ሳቀባት። "አባባስሽበት እንጂ አላዳንሽውም! ብቻውን መክፈት የሚችል ከሆነማ ገብቶ ገደለው። ሁለት ሻይ ጠጥተዋል። ከነሱ ሌላ ማን አለ? ሁለቱም ክልሎች በየቀኑ እየደወሉ ነው፤ ሰኞ ችሎት አቅርቢው።"

ሰኞ ቀረበ፤ ቀጠሮ ተሰጠበት። ከችሎት ሲወጣ ሀይረዲን ዞር ብሎ አያት። ለአንድ ነገር ተስፋ የሚያደርግ ሰው እንደዚያ አያይም፤ በላይነሽን ያቃጠላትም ይኸው ነው።

ረቡዕ ዕለት የአስከሬን ምርመራው ውጤት መጣ። ሞት በጭንቅላት ምት፤ ሰዓቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት። መጨረሻው ላይ ሐኪሙ አንዲት ነገር ጨምሯል፦ ሆዱ ባዶ ነው፣ ከንጋት ወዲህ እህልም ውሃም አልቀመሰም።

በላይነሽ ይህን እያነበበች ሳለ ቀናው ሁለት ማኪያቶ ይዞ ገባ።

"ምነው ቀናው፣ ረቡዕ መሆኑን እረሳኸው?"

"ይቅርታ ኢንስፔክተር፣ እኔ ስለማልጾም..." ብሎ አንዱን ማኪያቶ መለሰ።

በላይነሽ ወረቀቱን አስቀመጠች። እሷ ረቡዕና አርብ ትጾማለች። ቀናው ፕሮቴስታንት ስለሆነ የሷ ጾም ከአእምሮው ይጠፋል። የእሱ እንዲያ ከሆነ እሷስ ሙስሊም ጎረቤቶቿ መቼ እንደሚጾሙ ታውቃለች? ከረመዳን ሌላ አታውቅም። እማማ አማረችም አያውቁም።

በሩጫ ወደ እስር ክፍሉ ወረደች፤ ጉልበቷ መታመሙን እንኳ ረሳችው።

"ሀይረዲን፣ ሐሙስ ዕለት ሙሀመድዘይን ለምን እህል አልቀመሰም?"

"ጾመኛ ነዋ። ሰኞና ሐሙስ ሳይጾም አይውልም፤ ግዴታ ባይሆንም ሱና ነው።"

"ከሰዓት ከእማማ አማረች ሁለት ሻይ ወስዷል።"

ሀይረዲን ቀና አለ። "እሱ? ሐሙስ?"

"አዎ። ሁለቱም ተጠጥተዋል። እሱ ጾመኛ ነው፣ አንተ ቂሊንጦ ነህ። እንግዳ መጥቶበት ነበር ማለት ነው።"

ሰውየው ፍርግርጉን በሁለት እጁ ያዘ። "ሁለቱም መጥተዋላ" አለ። ድምፁ ተሰባበረ።

"እነማን?"

"ጓጉንቸሮቹን ያያያዝን ዕለት ቁርዓን ይዘን ተማምለናል። በሩ በአንዳችን ቁልፍ ይከፈታል፤ ግን እኔ የኔን ክልል ሰው ብቻውን አላስገባም፣ እሱም የሱን ሰው ብቻውን አያስገባም። እርስ በርሳችን ሳንተማመን ቀርተን አይደለም፤ ሹሞቹን ስለማናምን ነው። ሁለቱ አብረው ከመጡ ብቻ ይከፈት አልን። ሙሀመድዘይን ነፍሱ እስክትወጣ መሐላ አያፈርስም። በሩን ከከፈተ፣ ሁለቱ ሰውዬዎች በሩ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ነበር።"

"ወልደሰንበትና ሙዓዊያ?"

"ሌላ ማን አለ? እኛማ ሁለቱ አብረው የሚመጡበትን ቀን ነበር የምንጠብቀው።"

በላይነሽ የዚያኑ ቀን ከአንድ ጋራዥ መካኒክ ወስዳ የሪጉን ሽፋን አስከፈተች። መካኒኩ አንገቱን አስገብቶ አየና አፏጨ። የመቆፈሪያው ሞተር የለም፤ የአየር መጭመቂያው የለም። ከውጭ ቀለሙ የሚያብለጨልጭ መኪና ውስጡ ባዶ ነው። ብሎኖቹ የተፈቱበት ላይ አቧራና ዝገት ስላለ፣ የተበላው ገና ወደ ግቢው ሳይገባ ነው አለ። ዘበኞቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲጠብቁ የኖሩት ቆርቆሮ ነበር።

አሁን ለበላይነሽ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። የታርጋው ጠብ ጠብ አልነበረም። ሪጉ እንዳይንቀሳቀስ፣ ማንም እንዳይነዳው፣ ሁለቱ ተወካዮች በየስብሰባው ተነስተው ይዘላለፉ ነበር፤ ማታ ማታ ደግሞ ድርሻቸውን ይበላሉ። ሰሞኑን ግን የክልል ስም የሌለው አዲስ ታርጋ ወጣ። የጠቡ ምክንያት ጠፋ፤ ሪጉም በሚመጣው ሳምንት ተፈትሾ ይመዝገብ ተባለ።

ማመን አንድ ነገር ነው፣ ማሳየት ሌላ። ሐሙስ ዕለት ሁለቱንም "ፊርማ ብቻ ነው" ብላ ቢሮዋ ጠራቻቸው። ተቃራኒ ማዕዘን ላይ ተቀመጡ። አቶ ወልደሰንበት መስኮቱን ያያሉ፣ አቶ ሙዓዊያ ስልካቸውን። ዓይን ለዓይን አይተያዩም።

"መዝገቡን ልዘጋው ነው" አለች በላይነሽ። "እስኪዘጋጅ ሻይ ጠጡ።"

ቀናው በትሪ ሁለት ሻይ አምጥቶ አቶ ሙዓዊያ ፊት አስቀመጠ። አንደኛው ብርጭቆ ውስጥ ስኳሩ ሥር ተኝቶ ይታያል፤ ሌላው ጥርት ያለ ነው። በላይነሽ ወረቀት የምታገላብጥ መስላ በዓይኗ ጫፍ ታያለች። አቶ ሙዓዊያ ስልካቸው ላይ እንዳቀረቀሩ እጃቸውን ሰደዱ፤ ስኳር ያለውን ወደ ራሳቸው ሳቡና ጥርት ያለውን ገፋ አድርገው ወደ አቶ ወልደሰንበት አቀበሉ። አቶ ወልደሰንበትም ሳያዩ ተቀብለው ፉት አሉ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እጅ ሲያመልጥም ባለቤቱ አይሰማውም ኖሯል።

"አቶ ሙዓዊያ፣ አቶ ወልደሰንበት ያለ ስኳር እንደሚጠጡ ማን ነገረዎት?"

ስልኩ ከእጃቸው ወደቀ።

"ውሃ እንኳ አብረን አንጠጣም ብለውኝ አልነበር፣ አቶ ወልደሰንበት?" ቀጠለች። "ሻይ ግን ጠጥታችኋል። ያለፈው ሐሙስ፣ ቃሊቲ ግቢ ውስጥ። የዚያ ቀን ብርጭቆዎች እኔ ጋር አሉ፤ ትናንት ማታ በመጣው ውጤት ከሟቹና ከሻይ ሻጯ ጣት ሌላ የሁለት ሰው አሻራ ተገኝቶባቸዋል። እነዚህንም አሁን ወደ ላቦራቶሪ እልካቸዋለሁ።"

አቶ ወልደሰንበት ብርጭቋቸውን ሊያብሱ መሐረብ ሲያወጡ ቀናው እጃቸውን ያዘ።

አሻራው ገጠመ። ከዚያ በኋላ የቀረውን ራሳቸው በየክፍላቸው ተሽቀዳድመው ተናገሩት። ሙሀመድዘይን ሁለቱን በአንድ መኪና ሲያያቸው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ፣ አግዳሚውን በጋቢው ጫፍ ወለወለላቸው፣ ሻይ ሊያመጣላቸው ሮጠ። ጠጥተው ሲጨርሱ የመጡበትን ነገሩት፦ ቅዳሜ ከሀይረዲን ጋር ወጣ በሉ፤ ሪጉ ላይ የእሳት አደጋ ይደርሳል፤ እናንተም ትጠቀማላችሁ። "ውሃችንን ልታቃጥሉት ነው?" አለና ስልኩን አወጣ። ከኋላ የመታው ወልደሰንበት ነው አሉ ሙዓዊያ። ሙዓዊያ ነው አሉ ወልደሰንበት። ሁለት ዓመት በአደባባይ እየተጣሉ በስውር የተዋደዱ ሰዎች፣ አሁን ገና እውነተኛ ጠብ ተጣሉ።

በላይነሽ ምስክርነቱን ለማሟላት እማማ አማረች ጋ ሄደች።

"እማማ፣ ሰኞና ሐሙስ ሻይ ይወስድ ነበር?"

አሮጊቷ አሰቡ። "እሱ አይወስድም ነበር። ሰኞና ሐሙስ ሀይረዲን ለራሱ አንድ ይወስዳል። ውይ በሞትኩት! ሁለት ስላለኝ እኮ ነው እንደ ሁልጊዜው ያልኩሽ።"

"ያን ዕለት ምንም አላለዎትም?"

"ኧረ ብሏል። ፊቱ በርቶ ነበር። 'ተስማሙ፣ እማማ አማረች፣ ተስማሙ' አለኝ። የማን ከማን ነው ብዬ መች ጠየቅኩት! ብርጭቆ እየቆጠርኩ ነበራ።" ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

በላይነሽ በሬ ካራጁ ይውላል ሲባል ሰምታ ታውቃለች፤ ላራጁ ሻይ ሲያመጣ ግን አልሰማችም።

ሀይረዲን በተፈታ ማግስት ግቢው በር ላይ ጠበቃት። ፌስታል ውስጥ መስገጃውንና ከስግደት በፊት የሚታጠብበትን የውዱእ ጀበና ይዟል፤ የሟቹንም እንዲሁ። ሪጉ ኤግዚቢት፣ የክስ ማስረጃ፣ ተብሏል። ጉዳዩ ውሳኔ እስኪያገኝ ከቦታው አይነቃነቅም፤ የፖሊስ ጓጉንቸር ይጨመርበት ተብሎ በላይነሽ ታዝዛለች። ክልሎቹም ተጠይቀው መልስ ሰጥተዋል። ሁለቱም በአንድ ቃል፣ በአንድ ቀን፣ ሪጉን አንፈልገውም፣ ኃላፊነቱ የዚያኛው ነው አሉ። ውሃ ይቆፈርበት ስለተባለው ቦታ ማንም አላነሳም።

ቀናው አዲስ ሰንሰለት አሰረ። በላይነሽ ቢጫውንና ጥቁሩን ጓጉንቸር መለሰች፤ አሁን ሁለቱም የሰንሰለቱን ሁለት ጫፍ አጣምረው እንደ ስምምነቱ ተቆለፉ። ሦስተኛውን ከኪሷ አወጣች።

"ኢንስፔክተር" አለ ሀይረዲን፣ "እንደኛ ቢያያይዙት አይሻልም? ምናልባት አንድ ቀን ከሦስቱ አንዱ ልቡ ቢራራ ይከፍተው ነበር።"

"አይፈቀድልኝም ሀይረዲን።"

"እንዲያው ነው ያልኩት።"

ጓጉንቸሩን ገፋ ስታደርገው ቀጭ አለ። እጇን ከሰንሰለቱ ላይ ለማንሳት አፈረች፤ ያፈረችው በመንግሥት ይሁን በራሷ አልለየላትም።

"ነገ አገሬ እገባለሁ" አለ ሀይረዲን ፌስታሉን እያነሳ። "ተቅዋ ኩሬው መንገድ ላይ ትጠብቀኛለች፤ አባቴ በመጨረሻ ምን አለ ትለኛለች። እማማ አማረች እንደነገሩኝ 'ተስማሙ' አለ ልበላት?"

ሀይረዲን ትንሽ ቆሞ ጠበቃት፤ ከዚያ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሄደ።